የጎታች ጉልበት

የድሮ የሠራዊት ጎታች መኪና ያጋጠማችሁ እንደሆነ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን ለማየት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወደ ኋላው ዙሩ። የብረት ገመዱ የተጠቀለለበትን ከበሮ፣ ገመዱ እየተመራ የሚወጣባቸውን ሮለሮች፣ ሻንሲው ላይ የታሰሩትን መንጠቆዎች፣ ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሞ የተረሳውን ከባድ ፑሊ እዩ። የዚህ መኪና ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ሞተሩ ከአንድ ተራ የጭነት መኪና ሞተር የሚለይበት ነገር ብዙ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያውም ያው ራሱ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሞተሩ ጉልበቱን ለጎማ መስጠት ትቶ በዊንች በኩል ለገመድ ሲሰጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና በጎማው ሲጎትት መሳብ የሚችለው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ የያዘውን ያህል ብቻ ነው። እርጥብ ጭቃ ላይ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 3 ቶን እንኳ ሳይስብ ጎማው በቦታው መሽከርከር ይጀምራል። ሞተሩ ባለ 200 ፈረስ ጉልበት ይሁን ባለ 500፣ ጭቃው ላይ ለውጥ የለውም። ያው መኪና ግን ደረቅ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ታኮ ገብቶለት፣ ገመዱን 50 ሜትር ወደ ጭቃው ዘርግቶ በዊንች ቢስብ ጎማው መዞር አያስፈልገውም። የሶቪየቱ ኡራል ዊንች በአንድ ገመድ ብቻ ከ7 እስከ 9 ቶን ይስባል፤ ገመዱ ወደ 65 ሜትር ይዘረጋል። ኤም 543 የሚባለው የአሜሪካ ሠራዊት ጎታች ደግሞ የኋላ ዊንቹ 45,000 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ቶን ያህል እንዲስብ ሆኖ የተሠራ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚሻል አገር አላገኘሁም። ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ጎብጎብን፣ ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን አልፎ ወልድያ የሚዘልቀውን፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሰው የቻይና መንገድ ይለዋል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው የቻይና እርዳታ በደርግ ዘመን የተሠራ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች፤ መንገዱን ከላይ ሆኖ የሚያየው የጉና ተራራ ራሱ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጭነት መኪና ይህን ሁሉ ዳገት ቧጦ ይወጣና ጨጨሆ ላይ ደግሞ በገደል አፋፍ ይሄዳል። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ወደ ስማዳ ወገዳ ወይም ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ስትዘልቁ የክረምቱ ዋልካ ይጠብቃችኋል። ስማዳ ከዚያ ወዲያ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆ የተከበበ ነው፤ አንድ ማዳበሪያ የጫነ መኪና መሐል መንገድ ላይ ከተቀበረ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል።

እስኪ እንዲህ ያለውን መኪና እናውጣ። መኪናው ከነጭነቱ 20 ቶን ይመዝን እንበል። የሠራዊት ጎታች ሠራተኞች ለዚህ አንድ ቀላል ስሌት አላቸው። ጎማው ብቻ ከሰጠመ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት የመኪናው ክብደት ያህል ነው፤ ጭቃው መከላከያው ድረስ ከደረሰ የክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ካቢናው ድረስ ከሆነ ሦስት እጥፍ። የእኛ መኪና ጎማው ድረስ ሰጥሟል፣ ስለዚህ 20 ቶን መሳብ አለብን። ዊንቻችን ግን 7 ቶን ነው። ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፤ አይደለም። መኪናው በመጣበት አቅጣጫ ወደ ኋላው ከተሳበ ጎማው አስቀድሞ ያበጀው ቦይ ስላለ ሸክሙ ከመቶ 10 እጅ ይቀንሳል። ሞተሩ የሚሠራ ከሆነና ሾፌሩ በዝግታ ጎማውን እያዞረ ካገዘ ሌላ 40 እጅ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 20 ቶኑ 10 ቶን ሆነ። ያለ ምንም ተጨማሪ ብረት፣ በማሰብ ብቻ!

የቀረውን 3 ቶን ፑሊው ይሸፍነዋል። ገመዱን ከዊንቹ አውጡና የተቀበረው መኪና ላይ በታሰረው ፑሊ ዞሮ ወደ ጎታቹ እንዲመለስ አድርጋችሁ ጫፉን ጎታቹ መንጠቆ ላይ እሰሩት። አሁን ሸክሙን የያዙት ሁለት የገመድ ክንዶች ናቸው፤ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ጆሮው ይዞ እንደሚያነሳው ትልቅ ድስት እያንዳንዱ የሚሸከመው ግማሹን ነው። 7 ቶን የሚስበው ዊንች 14 ቶን ሳበ ማለት ነው። ፑሊው በሰበቃ ከመቶ 10 እጅ ያህል ይበላል፤ ያም ሆኖ ለ10 ቶን ሸክም ይተርፋል። ዋጋው ጊዜ ነው። መኪናው አንድ ሜትር እንዲንቀሳቀስ ሁለት ሜትር ገመድ መጠቅለል አለበት። በዚህ ሥራ ዝግታ ጉልበት ነው፤ ገመድ የሚበጥሰው ሁልጊዜ የቸኮለ ሰው ነው።

ጎታቹ ራሱ ተንሸራትቶ ወደ ጭቃው እንዳይገባ ደግሞ ምን ላይ ይታሰር? ባሕር ዛፍ በቅርብ ካለ ከግንዱ ሥር፣ እስከ መሬቱ ዝቅ ብሎ ይታሰራል። ከነፋስ መውጫ በላይ ባለው ራቁት ሜዳ ላይ ግን ዛፍ የለም። ያኔ ጉድጓድ ይቆፈራል። ገመዱ ከሚሳብበት መስመር ጋር መስቀለኛ የሆነ ጠባብ ቦይ ቆፍራችሁ ጠንካራ ግንድ ታጋድማላችሁ፤ የግንዱን ወገብ በሰንሰለት ታስሩና ሰንሰለቱ የሚወጣበት ሌላ ቀጭን ቦይ ወደ ጎታቹ በኩል አስልታችሁ ትከፍታላችሁ። አፈሩን መልሳችሁ ስትረግጡት ግንዱ ከፊቱ ያለውን መሬት በሙሉ ካልገፋ አይወጣም። አፈሩን ራሱን መልሕቅ አደረጋችሁት ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ለጋይንት አዲስ አይደለም። በዚህ አገር ከታዩት ትልልቅ የከባድ ዕቃ ጉተታዎች አንዱ የተካሄደው በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ ሞተር አልነበረውም፣ ጎታቹም ሰው ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነስተው የጋይንትን ደጋ አቋርጠው፣ በጨጨሆና በዘቢጥ አድርገው ወደ ቤተ ሆር፣ ከዚያም የዥጣንና የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መጋቢት ላይ መቅደላ ሥር ደረሱ። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ ነበር የሄዱት፤ የአይን ምስክሮች እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው ከንጋት እስከ ማታ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር።

አሁን ስሌታችንን እዚህ ላይ እናውለው። በአምስት ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ ከ7 ቶኑ 1.4 ቶን ያህሉ ወደ ኋላ ይጎትታል። ሸካራ ድንጋይ ላይ የሚንከባለል የጋሪ ጎማ ደግሞ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል፣ 0.7 ቶን፣ ይቃወማል እንበል። ድምሩ 2.1 ቶን ነው። አንድ ሰው ዳገት ላይ ቆሞ ሳያቋርጥ 20 ኪሎ ያህል ቢስብ ከመቶ ሰው በላይ ያስፈልጋል። ዳገቱ በሦስት ሜትር አንድ ሜትር የሚነሳ ከሆነ 150 ሰው፤ የጋሪውን የራሱን ክብደትና ጎማው ድንጋይ ላይ የሚወጣበትን ቅጽበት ስትጨምሩ መቶዎቹ ይደራረባሉ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አንድ መድፍ ላይ ተሰልፎ ነበር ሲባል የተጋነነ ተረት አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው።

ከዳገቱ ይልቅ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። የዥጣ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። 7 ቶን ብረት ቁልቁል ሲሄድ ያ 1.4 ወይም 2.3 ቶን ወደ ፊት ይገፋል፣ ፍሬን የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ያለው መንገድ ከኋላ በገመድ እየያዙ ማውረድ፣ ከጎማ ሥር ድንጋይ እየወሸቁ ማሳረፍ ነው። ይህን የሠራ ሕዝብ የዊንችን ግማሽ ሥራ ያውቃል፤ ምክንያቱም ጥሩ ዊንች የሚለካው በመሳቡ ብቻ ሳይሆን በመያዙ ነው። መንገዱም እንዲሁ የዋዛ አልነበረም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ከቤተ ሆር ጀምሮ ወደ ዥጣ የወረደው ቴዎድሮስ ባሠሩት በዚያው መንገድ ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ሞተር ያለው ጎታች የመጣው ከዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ኧርነስት ሆምስ የሚባል የአሜሪካ ቴኔሲ ጋራዥ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1916 መኪና ላይ ክሬንና ሰንሰለት ገጥሞ የመጀመሪያውን ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆምስ ባለ ሁለት ክንድ ክሬን ዳይመንድ ቲ የሚባለው የጦር መኪና ላይ ተጭኖ ብዙ ግንባር ዞሯል። ወደ እኛ አገር የአሜሪካ ወታደራዊ መኪና በብዛት መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ከተፈረመው የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ወዲህ ሲሆን፣ ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የሶቪየቶቹ ኡራልና ዚል ተተኩ። በሲቪሉ በኩል ሁላችንም የምናውቀው ኤንትሬ፣ ፊያት 682፣ ከ10 ሊትር በላይ በሆነው የናፍጣ ሞተሩ የኢትዮጵያን ዳገት ሲወጣ ኖሯል፤ ክሬን ተገጥሞለት ጎታች የሆነም አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው መልካም ነገር አላቸው፦ ኮምፒዩተር የላቸውም፤ የተሰበረው በቶርኖ ቤት ተቀርጾ ሊተካ ይችላል።

ታዲያ አንዱን አግኝታችሁ ልታድሱ ብትነሱ ከየት ትጀምራላችሁ? የኔ ምክር ከገመዱ ነው። ብዙ ሰው ሞተሩን ያስነሳና ደስ ብሎት ቀለም ይቀባል፤ ገመዱ ግን ያው ሃያ ዓመት ዝናብ የመታው ገመድ ሆኖ ይቀራል። ሞተር ቢጠፋ መኪና ይቆማል፤ ገመድ ቢበጠስ ግን ሰው ይገድላል።

ገመዱን ሙሉ በሙሉ ከከበሮው አውጥታችሁ መሬት ላይ ዘርጉት። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በአሮጌ ጨርቅ ያዙትና ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር አልፉበት። ጨርቁ የተያዘበት ቦታ ሁሉ የተበጠሰ ቀጭን ሽቦ አለ፤ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። የብረት ገመድ በመሐሉ ባለ አስኳል ዙሪያ የተጠማዘዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት፣ ክሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ክር ደግሞ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ነው። አንድ ክር ገመዱን አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ያለውን ርዝመት ውሰዱ። በዚያ ርዝመት ውስጥ ስድስት ሽቦ ከተበጠሰ፣ ወይም በአንዱ ክር ላይ ብቻ ሦስት ከተበጠሰ ገመዱ አብቅቷል። ታጥፎ የተሰበረ፣ ጠምዘዛው ተፈትቶ ያበጠ፣ ላይ ላዩ ተልጎ ውጪኛው ሽቦ ሲሶው የሄደ ገመድም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን አትቀጥሉት፤ ለአጥር ስጡት።

ጫፉን ስታስሩ የዩ ቅርጽ ያላቸውን ማጥበቂያዎች በየትኛው በኩል እንደምታደርጉ ልብ በሉ። ሰፊው መቀመጫ ሸክም በሚሸከመው ክንድ በኩል፣ ዩው ደግሞ በትርፉ ጫፍ በኩል ይሁን። ተገልብጦ ከታሰረ ዩው የሚሸከመውን ገመድ ይቆርጠዋል። በየጋራዡ ተገልብጦ የታሰረ አይቻለሁ፤ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ፣ ንገሩ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም ለገመድ መድኃኒት አይደለም፤ ውስጡ አሲድና የብረት ዱቄት አለው፣ ወደ መሐሉም አይገባም። ቀጠን ያለ ንጹህ ዘይት በብሩሽ ወደ ውስጡ እንዲሰርግ ማድረግ ይሻላል።

ከገመዱ ወደ ከበሮው። ዊንች ሙሉ ጉልበቱ ያለው ገመዱ የመጨረሻው ንጣፍ ላይ ሲደርስ፣ ከበሮው ባዶ ሊሆን ሲል ነው። ገመዱ ንጣፍ በንጣፍ በተደራረበ ቁጥር የከበሮው ውፍረት ይጨምርና ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ባዶው ከበሮ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት በገመድ ሲሞላ 40 ቢደርስ፣ 7 ቶን የነበረው ወደ 4.4 ቶን ይወርዳል። ብዙ ሾፌር ዊንቼ ደከመ ሲል ችግሩ ይኸው ነው፤ ጎታቹን አርቆ ገመድ ማውጣት ነበረበት። ግን ሁሉንም አታውጡት፤ ከበሮው ላይ ቢያንስ አራት ዙር ይቅር፣ ሸክሙን የሚይዘው የገመዱ ጫፍ ሳይሆን የዙሮቹ ጭብጥ ነው።

በሞተሩና በዊንቹ መካከል ባለው ዘንግ ላይ ደግሞ ለማየት የማትመች ትንሽ ፒን አለች። ሆን ተብላ ለስላሳ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ዊንቹ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ከገመዱና ከጥርሱ በፊት እሷ ትቆረጣለች፣ ሌላው ሁሉ ይድናል። ፒኗ በተቆረጠች ቁጥር የሚበሳጭ ሰው ጠንካራ ቡሎን ይከትበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚበጠሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለስላሳዎቹን ፒኖች በብዛት አስቀርጹና ካቢና ውስጥ በቆርቆሮ አስቀምጡ። የዊንቹን ዘይት ስታወርዱም በንጹህ ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ እዩት። ወርቃማ ብናኝ ካብለጨለጨ ትል በሚባለው ጠመዝማዛ ዘንግ የሚዞረው የነሐስ ጥርስ እየተበላ ነው። ያ ጥርስ ነው ሸክሙን ዳገት ላይ አስሮ የሚያቆመው፤ ሞተሩ ቢጠፋም መኪናው ተመልሶ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እሱና አጠገቡ ያለው የዊንች ፍሬን ናቸው።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ጨጨሆን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ኡራልን የመሳሰሉት ፍሬናቸው ንፋስና ዘይት አብሮ የሚሠራበት ነው፤ ንፋሱ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ጎማው ላይ ያለውን ሸራ ይገፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ሲሆን ከ200 ዲግሪ በላይ የሚፈላው ዘይት ውሃ ከጠጣ 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ከጨጨሆ አፋፍ ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ከበሮዎቹ ከዚህ በላይ ይግላሉ። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉን ምንም ያህል ብትረግጡ መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል፦ የቆመ መኪና የፍሬን ዘይት ዓመት ሳትቆጥሩ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ጎሚኒዎቹም አብረው ይቀየሩ። ሌላው የጋይንት ጉዳይ ውርጭ ነው። በንፋስ ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጉና ሥር ባሉ ከተሞች ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላል። ማታ መኪናው ሲቆም የጋኖቹን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ማስወጣት የረዳት ሥራ ነው፤ ያልሠራው ረዳት ጠዋት ላይ ይታወቃል።

ሞተሩ ሦስተኛ ይምጣ። ዓመታት የቆመ ሞተርን በባትሪ አታዙሩት። በየፒስተኑ ላይ ቀጭን ዘይት አፍስሳችሁ ቀናት አቆዩና በእጅ፣ በብረት ዘንግ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ዝገት ከያዘው ፋሻውን ሰብሮ ሲሊንደሩን የሚፍቀው የመጀመሪያው ችኩል አዟዟር ነው። ነዳጅ ጋኑን አውርዳችሁ እጠቡ፤ ፊልትሮ መቀየር ብቻ ቆሻሻውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከዚያ በኋላ ከፍታው የሚያመጣውን ጣጣ አስቡ። ነፋስ መውጫ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው። ኡራል 375 በሚባለው ላይ ያለው የቤንዚን ሞተር ዝቅተኛ ቦታ ላይ 180 ፈረስ ጉልበት ሲኖረው እዚህ 130 አካባቢ ይቀርለታል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ነዳጁን እንደ ድሮው ይሰጣል፣ አየሩ ስላነሰ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይሆናል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ጂግለሩን ማሳነስ ያስፈልጋል። ይህ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ የሚጠጣ በመሆኑ በብዙ አገር የናፍጣ ሞተር ተቀይሮለታል፤ ቆይቶ የመጣው ኡራል 4320 ከመነሻው የካማዝ የናፍጣ ሞተር አለው። እኔን ብትጠይቁኝ ለሙዚየም ካልሆነ በቀር ለጋይንት ናፍጣው ይሻላል።

ውሃውም አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ይፈላል፤ የሞተር ውሃ ደግሞ ሥራ ላይ 80 እና 90 ዲግሪ መካከል ነው የሚኖረው። ስለዚህ ክዳኑ የማይገጥም ራዲያተር የያዘ መኪና ዳገቱ ላይ ሲያፈላ ሞተሩ ታሟል ብላችሁ ቴስታታ ለመፍታት አትሩጡ። ጤነኛ ክዳን ውሃውን አፍኖ የመፍላቱን ነጥብ በአሥር፣ በሃያ ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑን ጎማና ስፕሪንግ መርምሩ፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ሲያፈላም ክዳኑን በባዶ እጅ አትክፈቱ።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ብቻ፣ ግን ከሁሉ የከበደውን። የእነዚህ መኪኖች ቸርኬ ብዙ ጊዜ ባለ ቀለበት ነው፤ ጎማውን ቦታው ላይ የሚይዘው ለብቻው የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ዝጎ በደንብ ያልተቀመጠ ቀለበት ጎማው ሲነፋ ወጥቶ ሰው ይገድላል። ቡሎኑ ሳይነካ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ሲነፋ ደግሞ ጎማው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ ወይም ወፍራም ሰንሰለት ተጠምጥሞበት፣ ጎሚስታው በጎን ርቆ ይቁም። ረጅም የንፋስ ቱቦ ይግዛ፣ ገንዘቡን አትሰስቱበት።

መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ መሄዳችሁ አይቀርም፤ አሮጌ ብረት ደግሞ ምናለሽ ተራ። ኩሽኔታ በቁጥሩ ይገኛል፤ ቁጥሩ ከጠፋ የውስጥና የውጭ ስፋቱን ለክቶ መሄድ ነው። የዊንች ገመድ ግን ከማታውቁት ሰው ያገለገለ አትግዙ፤ ምን እንደጎተተ አታውቁም።

ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ሙከራው ሜዳ ላይ፣ ክብደቱ በሚታወቅ መኪና ይሁን። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ግማሽ ጭነት፣ ከዚያ ሙሉውን። ገመዱ መወጠር ከመጀመሩ በፊት ተመልካቹ ከተዘረጋው ገመድ ርዝመት በላይ ይራቅ፤ ገመዱን ተራምዶ የሚሻገር ሰው አይኑር። መሐል ላይ ከባድ ሸራ ጣሉበት፣ ቢበጠስ የሚወረወረውን ያበርደዋል። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ረዳቱ «ጋሼ፣ ታኮው ገባ!» ሳይል ሾፌሩ የዊንቹን ማርሽ አያስገባም፤ ገመዱ እንደተወጠረም ያቆምና ሁሉም ወጥተው ፑሊውን፣ መንጠቆውን፣ ሰንሰለቱን አንድ ጊዜ ዞረው ያያሉ። ከዚያ ይሳባል።

ሥራው ሲያልቅ ጭቃ የጠጣው ገመድ እንዲሁ እንዳይጠቀለል። ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ጫፉ ላይ ቀላል መኪና ታስሮ እየተወጠረ፣ ዙር ከዙር ጎን ለጎን ተኝቶ ይግባ። ላላ ብሎ የተጠቀለለ ገመድ በሚቀጥለው ጉተታ የላይኛው ንጣፍ በታችኛው መካከል ሰምጦ ይሰነቀራል፤ ያ ደግሞ የሚሆነው ክረምት ላይ፣ ወገዳ መንገድ ላይ፣ ከኋላ የመኪና ሰልፍ ቆሞ ነው።